ዓይን አስጨፍና ተውኔት ያስተማረችው ኩባዊት፦ ስለ ማሪያ አይሪን ፎርኔስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቴአትር ለሚወዱ ወዳጆቼ የዚህችን ሴት ስም ስጠራላቸው አብዛኞቹ «ማን ናት ደግሞ?» ይሉኛል። ትንሽ ካወራን በኋላ ግን ጥያቄው ይበዛል። ጥያቄዎቹ ሁሌም ተመሳሳይ ስለሆኑ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልሳቸው ብዬ ነው። ቀኖቹም ወሮቹም ዓመቶቹም በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ማሪያ አይሪን ፎርኔስ ማን ናት?

ግንቦት 14 ቀን 1930 ሃቫና ውስጥ ተወለደች። ጥቅምት 30 ቀን 2018 ኒውዮርክ ውስጥ በ88 ዓመቷ አረፈች። ጸሐፌ ተውኔት፣ አዘጋጅና የድርሰት መምህርት ነበረች። ወደ 40 የሚጠጉ ተውኔቶች ጽፋለች። ብዙዎቹን መድረክ ላይ ያዘጋጀቻቸውም ራሷ ናት። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ስማቸው የሚጠራ ላቲኖ (ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ) ጸሐፌ ተውኔቶችን ብትቆጥሩ ብዙዎቹ በእሷ እጅ ያለፉ ናቸው። የተማሪዎቿን ስም የሚያውቅ ሰው የእሷን አለማወቁ ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

አሜሪካ የገባችው ከካስትሮ ሸሽታ ነው?

አይደለም። ኩባዊት ስደተኛ ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው አብዮቱን ያስባል። አብዮቱ የመጣው በ1959 ነው። እሷ ግን በ1945 ነው ከአገሯ የወጣችው። በዚያ ዓመት አባቷ ሞተ። እናቷ ካርመን እሷንና አንዲት እህቷን ይዛ ኒውዮርክ ገባች። አይሪን ያኔ የ15 ዓመት ልጅ ነች። እንግሊዝኛ አትችልም። ትምህርት ቤት ገብታ ቋንቋው ስላስቸገራት ተወችው። ከዚያ የፋብሪካ ሥራ ጀመረች፤ ካፔዚዮ የሚባል የባሌት ጫማ የሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ። እንግሊዝኛውን እየቆየች ለመደችው። በ1951 የአሜሪካ ዜግነት አገኘች።

መጀመሪያ ሰዓሊ ነበረች የሚባለው እውነት ነው?

አዎ፣ ይህን ማወቅም ሥራዋን ለመረዳት በጣም ይጠቅማል። በ19 ዓመቷ ሥዕል ያዛት። ሃንስ ሆፍማን የሚባለው ጀርመናዊ ሰዓሊ ዘንድ ተማረች። ሆፍማን በዚያ ዘመን ለነበሩ ብዙ የአሜሪካ ሰዓልያን መምህር የነበረ ሰው ነው። በ1954 ደግሞ ሥዕል ልማር ብላ ፓሪስ ሄደች።

እዚያ አንድ ቀን ቴአትር ገባች። የሚታየው የሳሙኤል ቤኬት «ጎዶን በመጠበቅ» ነው። አዘጋጁ ሮዤ ብላን ነው፤ ተውኔቱን ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ያወጣው ሰው። እሷ ፈረንሳይኛ አታውቅም። ንግግሩ ሳይገባት ነው አይታ የወጣችው። ኋላ ላይ ግን ያቺ ምሽት ሕይወቷን እንደገለበጠችባት ተናግራለች። እኔ ይህን ታሪክ እጅግ እወደዋለሁ። ቃሉን ስላልሰማች የቀረላት ሌላው ሁሉ ነው፦ ሰውነቱ፣ ዝምታው፣ ባዶው ቦታ፣ መድረኩ ላይ ያለችው ዛፍ። የራሷን ተውኔቶች ስታነቡም ሰዎቹ ከመናገራቸው በፊት ይታያሉ።

ታዲያ መጻፍ እንዴት ጀመረች?

በአጋጣሚ። ጊዜው 1961 ነው። በወቅቱ ፍቅረኛዋ ከነበረችው ጸሐፊ ሱዛን ሶንታግ ጋር ግሪንዊች ቪሌጅ በሚባለው የኒውዮርክ ሰፈር ውስጥ ነበሩ። ሶንታግ ልቦለድ መጻፍ ፈልጋ አልሆንልሽ ብሏት ትማረራለች። አይሪን «ይሄ ምን ይከብዳል? ቤት ሄደን ቁጭ ብለን መጻፍ ነው» አለቻት። ሄዱ። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጡ። ሶንታግ ጀመረች። አይሪን ደግሞ ብቻዋን እንዳትተዋት ያህል እሷም ልትጽፍ ወሰነች። ግን ከምን ትነሣ? አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሳበች። በከፈተችው ገጽ ላይ ያሉትን ዓረፍተ ነገሮች የመጀመሪያ ቃል እየወሰደች ከእነሱ ተነሥታ አጭር ታሪክ ጻፈች።

ከዚያ አልቆመችም። ከኩባ የመጡ፣ ለቅድመ አያቷ የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎች ነበሯት። እነሱን ስትተረጉም «መበለቲቱ» የሚል ተውኔት ወጣላት። በ1963 «ታንጎ ፓላስ» ሳንፍራንሲስኮ ውስጥ መድረክ ላይ ወጣ። ሠላሳ ዓመት አልፏት የጀመረች ሴት ናት። «እኔ አርፍጃለሁ» ለሚሉኝ ወጣቶች ሁልጊዜ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ፕሮፌሰር ነበረች?

በማዕረግ ካሰባችሁት አይደለችም። ዲግሪ የላትም። ሁለተኛ ደረጃንም አልጨረሰችም። ዩኒቨርሲቲዎችና የቴአትር ፌስቲቫሎች እየጋበዟት ታስተምር ነበር እንጂ ትልቁ ክፍሏ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አልነበረም። በፕሮፌሰርነት ወንበር የተቀመጡት ተማሪዎቿ ናቸው። ቼሪ ሞራጋ ብዙ ዓመት በስታንፎርድ፣ በኋላም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ አስተምራለች። ሉዊስ አልፋሮ በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ አን ጋርሲያ ሮሜሮ በኖተርዳም አስተምረዋል። ኤድዋርዶ ማቻዶም እንዲሁ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆኗል። ፊደል ሳትጠግብ ፕሮፌሰሮችን አፈራች ማለት ይቻላል።

ትልቁ ክፍሏ የት ነበር?

ኢንታር በሚባል የኒውዮርክ ቴአትር ቤት። ኢንታር ላቲኖ ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቤት ነው። እሷ በ1981 እዚያ የጸሐፌ ተውኔቶች ላብራቶሪ ከፈተች፤ ለአሥር ዓመት ያህልም መራችው። የሚመረጡት ጥቂት ጸሐፊዎች ነበሩ። አንድ ሌላ ቁም ነገር ልጨምር፦ ተማሪዎቹ ገንዘብ አይከፍሉም፤ እንዲያውም ቤቱ ነበር ለእነሱ አበል የሚሰጣቸው። የቤት ኪራይ የሚያሳስበው ሰው ጠዋት ጠዋት ቁጭ ብሎ መጻፍ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ምን ነበር የምታስተምረው? ዓይን ጨፍኖ መጻፍ ማለት ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ዋናው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ብዙ የድርሰት ክፍል የሚጀምረው ከሕግ ነው። ግጭት የት ይግባ? ጡዘቱ ስንተኛው ገጽ ላይ ይሁን? ገጸ ባህሪው ምን ይፈልጋል? ከዚያ ተማሪው የጻፈውን ያነባል። ሌላው ይተቻል። እሷ ይህን አካሄድ አልወደደችውም። ገና ያልተወለደ ነገር ላይ ሐኪም ሲበዛ ልጁ ይሞታል ብዬ ነው እኔ ሐሳቧን የምረዳው።

በእሷ ክፍል ቀኑ የሚጀምረው ሰውነት በማፍታታት ነው። ዮጋ ይሠራሉ፤ ይዘረጋጋሉ። ከዚያ ሁሉም ወደየጠረጴዛው ይሄዳል። ዓይናችሁን ጨፍኑ ትላለች። አንድ ነገር እንዲያዩ ትመራቸዋለች፤ ለምሳሌ ከልጅነት የቀረ አንድ ቦታ፣ እዚያ ያለ ሰው። ምን ለብሷል? ብርሃኑ ከየት ይመጣል? እጁ ምን ይዟል? አትቸኩልም። አንዳንዴ ያዩትን በእርሳስ እንዲሥሉት ታደርጋለች። የሰዓሊነቷ ነገር እዚህ ጋ ብቅ ይላል። ቀጥሎ በእጇ ካለ መጽሐፍ እንዳጋጣሚ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች። ያ ዓረፍተ ነገር የሚጽፉት ሰው ንግግር ውስጥ ይግባ ትላለች። ከዚያ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የሚሰማው የብዕር ድምፅ ብቻ ነው። እሷም አብራቸው ቁጭ ብላ ትጽፋለች።

ያ ከመጽሐፍ የሚመጣ ዓረፍተ ነገር ምን ይሠራል? ጸሐፊው አስቀድሞ ያቀደውን መንገድ እንዲተው ያደርገዋል። ሰው ሲያቅድ የሚያውቀውን ነው የሚያቅደው። እንግዳ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን ገጸ ባህሪው ጸሐፊው ያላሰበውን ይናገራል። የምግብ አሠራሩን መጽሐፍ አስታወሳችሁ? በ1961 ለራሷ ያገኘችውን ዘዴ ነው ከ20 ዓመት በኋላ ለሌሎች የሰጠችው።

እኔም ቤቴ ልሞክረው እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ ብዕር፣ አንድ ማንኛውም መጽሐፍና ስልክ የማይጠራበት አንድ ሰዓት ነው። ሰውነታችሁን አፍታቱ። ተቀመጡና ጨፍኑ። ልጅ ሆናችሁ የምታውቁትን፣ ውሃ ያለበት አንድ ቦታ ፈልጉ፤ ወንዝ ይሁን፣ ቧንቧ ይሁን፣ የዝናብ በርሜል። እዚያ ሰው እስኪመጣ ጠብቁ። አስገድዳችሁ አታምጡት። ሲመጣ በደንብ እዩት፤ ሣሉት። ሥዕሉ ባያምርም ግዴለም። አሁን መጽሐፉን ክፈቱና ጣታችሁ ያረፈበትን ዓረፍተ ነገር ስጡት። እሱ ይናገር፤ እናንተ ጻፉ። እኔ በዚህ መንገድ ስጽፍ መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ያህል ምንም አይመጣም። ከዚያ ይመጣል። ያቺን ሩብ ሰዓት ታግሣችሁ እለፏት።

ተማሪዎቿ እነማን ናቸው?

ከላይ ከጠራኋቸው ሌላ ሚግዳሊያ ክሩዝ፣ ካሪዳድ ስቪች፣ ኦክታቪዮ ሶሊስ አሉ። በሽልማት ከሄድን ስሙ ጎልቶ የወጣው ኒሎ ክሩዝ ነው። እሱም ኩባ ነው የተወለደው። በ2003 «አና ኢን ዘ ትሮፒክስ» በተባለው ሥራው የፑሊትዘርን የተውኔት ሽልማት አገኘ። ያን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ላቲኖ እሱ ነው። እሷ ራሷ በ1990 «ኤንድ ዋት ኦፍ ዘ ናይት?» በሚለው ሥራዋ ለዚያው ሽልማት የመጨረሻ ዕጩ ሆና አላገኘችውም። ተማሪዋ አገኘው።

በጣም የታወቀው ተውኔቷ የትኛው ነው?

«ፌፉ ኤንድ ኸር ፍሬንድስ»፣ ማለትም «ፌፉና ጓደኞቿ»። በ1977 ነው የወጣው። ታሪኩ በ1935 ኒው ኢንግላንድ ውስጥ ባለ አንድ የገጠር ቤት ይካሄዳል። ስምንት ሴቶች ይሰበሰባሉ። ወንድ መድረክ ላይ አይወጣም። ግን ወንዶቹ ውጭ ግቢው ውስጥ አሉ፤ ፌፉም በመስኮት ጠመንጃ አውጥታ ባሏ ላይ ትተኩሳለች። የባልና ሚስት ጨዋታ ነው ትላለች፤ ጥይቱ የውሸት ነው። እውነት የውሸት ነው? ተመልካቹ እስከ መጨረሻው እርግጠኛ አይሆንም። ጁሊያ የምትባለው ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ናት። አዳኝ አጋዘን ሲመታ እሷ ወደቀች፤ ጥይቱ ግን እሷን አልነካትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተራመደችም።

ይህን ተውኔት ታዋቂ ያደረገው ሁለተኛው ክፍሉ ነው። ተመልካቹ ከመቀመጫው ይነሣል። አራት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ቡድን ወጥ ቤት ይገባል፣ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ የጥናት ክፍል፣ አንዱ የግቢው ሣር ላይ ይወጣል። በአራቱም ቦታ ትዕይንቱ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል። ሲያልቅ ቡድኖቹ ቦታ ይቀያየራሉ። ተዋንያኑ ያንኑ ትዕይንት አራት ጊዜ ይሠሩታል። አስቡት እስኪ፤ አንዷ ተዋናይ ከወጥ ቤት ወጥታ ሌላ ክፍል በሰዓቱ መድረስ አለባት። ካረፈደች ሁሉም ይበላሻል።

ሐሳቡ የመጣው ከንድፈ ሐሳብ አይደለም። የሚሠሩበትን ቦታ ስታይ ክፍሎቹን አሳዩዋት። ይህች ክፍል የጥናት ክፍል ትሆናለች፣ ያቺ ደግሞ መኝታ ቤት ብላ አሰበች። በቃ። ተመልካቹ የተዋናይዋን ትንፋሽ እስኪሰማ ድረስ ተጠግቶ መኝታ ቤቷ ውስጥ ይቆማል። ሴቶች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩትን እንደ እንግዳ ሳይሆን እንደ ቤተኛ ይሰማል።

ሐሳቦቿ ሁሉ እንዲህ ከአጋጣሚ ነው የሚመጡት?

ብዙዎቹ። «ዘ ዳንዩብ» የተወለደው ካገኘችው አሮጌ የሃንጋሪኛ ቋንቋ መማሪያ ሸክላ ነው። ከመማሪያው ቀለል ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ተነሥታ በ1938 ቡዳፔስት ውስጥ የሚዋደዱ ሁለት ሰዎችን ጻፈች። ቀስ በቀስ የማይታወቅ በሽታ ዓለማቸውን ይበላዋል። ቋንቋ እንደ ሕፃን የተማረች ሴት ብቻ ናት የመማሪያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሐዘን የምታየው።

«መድ»፣ ማለትም «ጭቃ»፣ በ1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በፓዱዋ ሂልስ የጸሐፌ ተውኔቶች ፌስቲቫል ላይ ተጀመረ። እዚያም መነሻዋ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛቻቸው ዕቃዎች ነበሩ፤ ወንበሮች፣ የልብስ መተኮሻ ጠረጴዛ። ሜይ የምትባለው ድሃ ሴት መድረክ ላይ ልብስ ትተኩሳለች። ማታ ትምህርት ቤት ሄዳ ማንበብ ትማራለች። በሁለት ወንዶች መካከል ተይዛለች። ስለ ባሕር ኮከብ የሚናገር ቀላል የትምህርት ጽሑፍ በጣቶቿ እየተከተለች ስታነብ የምትታይበት ትዕይንት አለ። ዘግይቶ ፊደል የቆጠረ ሰው ሲያነብ ካያችሁ ያ ትዕይንት ይገባችኋል። መጨረሻው ከባድ ነው። ልትሄድ ስትነሣ ከሁለቱ ወንዶች አንዱ ይገድላታል።

ለምን ብሮድዌይ ላይ፣ ማለትም በኒውዮርክ ትልልቆቹ የንግድ ቴአትር ቤቶች፣ አልታወቀችም?

አንድ ጊዜ ሞክራ ነበር። በ1966 «ዘ ኦፊስ» የተባለው ሥራዋ በጀሮም ሮቢንስ አዘጋጅነት ብሮድዌይ ደርሶ ቅድመ ዕይታው ላይ ቆመ። በይፋ ሳይከፈት ተዘጋ። ከዚያ በፊትም በኋላም ቤቷ ትናንሾቹ ቴአትር ቤቶች ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበረው ጀድሰን ሳይቀር። እዚያ በ1965 ከሙዚቃ ደራሲው አል ካርማይንስ ጋር የሠራችው «ፕሮሜናድ» የተባለው ሙዚቃዊ ተውኔት ተወዶ በ1969 ወደ ሌላ አዳራሽ ተዛወረ፤ አዳራሹም በተውኔቱ ስም ተሰየመ። ለትናንሾቹ መድረኮች በሚሰጠው የኦቢ ሽልማት በኩል ካያችሁ ግን ዘጠኝ ጊዜ ተሸልማለች።

ሌላም ምክንያት አለ። የሰባዎቹን ዓመታት ብዙውን ጊዜ ያሳለፈችው ኒውዮርክ ቲያትር ስትራተጂ የሚባለውን የጸሐፌ ተውኔቶች ማኅበር በማስተዳደር ነው። የሌሎችን ተውኔት መድረክ ላይ ለማውጣት ገንዘብ ትፈልጋለች፣ ሒሳብ ትይዛለች። ለራሷ የሚሆን ጊዜ ለሰው ሰጠች።

የምትጽፈው ስለ ላቲኖች ሕይወት ነው? በስፓኒሽ?

ባብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው የጻፈችው። ርዕሷን ማንም እንዲያጥርባት አልፈቀደችም። «ፌፉ» ውስጥ አንድም ላቲና የለችም። በሌላ በኩል «ሳሪታ» ኒውዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ ውስጥ የምትኖር ኩባዊት ልጅ ታሪክ ነው። በ1985 የወጣው «ዘ ኮንዳክት ኦፍ ላይፍ» ስሙ ባልተጠራ የላቲን አሜሪካ አገር ሰው የሚያሰቃይ መኮንን ቤት ውስጥ ያስገባናል። ወታደራዊ መንግሥትን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ያን ቤት ያውቀዋል። የስፓኒሽ ሥራዎችንም ወደ እንግሊዝኛ መልሳለች፤ የሎርካን «የደም ሠርግ» ጨምሮ።

የመጨረሻ ዓመታቷ እንዴት ነበሩ?

የመጨረሻው ተውኔቷ «ሌተርስ ፍሮም ኩባ» በ2000 ሲግኒቸር በተባለው ቴአትር ቤት ቀረበ። ወንድሟ ከኩባ ለብዙ ዓመታት ከጻፈላት ደብዳቤዎች ነው የሠራችው። በደብዳቤ የጀመረች በደብዳቤ ጨረሰች። አገር ቤት ወንድም ወይም እህት ትቶ የወጣ ሰው ይህን ሥራ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

ከዚያ መርሳት መጣ። አልዛይመር ነበር። ሚሼል ሜምራን የምትባል ወጣት ፊልም ሠሪ ካሜራ ይዛ ለዓመታት አብራት ሆነች። አብረው ሃቫናም ሄዱ። ፊልሙ በ2018 ወጣ፤ ርዕሱ «ቀሪውን እኔ እፈጥረዋለሁ» እንደማለት ነው። ፊልሙ ላይ ተውኔቶቿን ብትረሳም ካሜራው ፊት ስትሆን ትጫወታለች፣ ትዘፍናለች፣ ነገር ትፈጥራለች። በኋላ ከከተማው ርቆ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ስትኖር ወዳጆቿ ተሯሩጠው በ2013 ወደ ማንሃተን አስመለሷት። ተማሪዎቿ እየመጡ ይጎበኟት ነበር። በ2019፣ ካረፈች ከአንድ ዓመት በኋላ፣ «ፌፉ» ብሩክሊን ውስጥ እንደገና መድረክ ላይ ወጣ።

ከየትኛው ልጀምር?

አጭርና ቶሎ የሚይዝ ከፈለጋችሁ «ጭቃ»። በአንድ ምሽት ያልቃል። ቴአትር የምትሠሩ ከሆነ ግን ቀጥታ ወደ «ፌፉ» ሂዱ። ስታነቡ የቤቱን ካርታ በወረቀት ላይ ሣሉ። ወጥ ቤቱ የት ነው? ከመኝታ ቤቱ ወደ ሣሩ በየት ይወጣል? ተዋናይዋ በስንት እርምጃ ትደርሳለች?